የቸኮል ራስና የቸኮል አፍ

አፍንና ራስን ባንድ ላይ የሚያነሳ አንድ ተረት አለ። የሚተርተው ሰው ብዙ ነው፤ ሁለቱን ምን አገናኛቸው ብሎ የሚጠይቅ ግን የለም። ጎረቤታሞች ስለሆኑ ነው ብሎ የሚያልፈው ይበዛል። የሸንበቆ በር ሰዎች ግን ነገሩ የሆነው በኛ አገር ነው፣ ባይናችን አይተነዋል ብለው ይምላሉ። ጥፋቱ የቸኮል ነበር፤ ብስጭቱ የሚስቱ የአትጠገብ። ታሪኩን የሰማ ሰው ሁሉ ከአትጠገብ ጋር አብሮ ይበሳጫል፤ ሳይበሳጭ የሚሰማው ካለ እሱ የቸኮል ዘመድ መሆን አለበት።

ጊዜው ስልክ የሚባለው ነገር ገና ለአገሩ እንግዳ የነበረበት ነው። ሽቦው በረጃጅም ግንድ ላይ ተንጠልጥሎ ካንዱ ከተማ ወደ ሌላው ይሄዳል። ዝንጀሮ ይወዛወዝበታል፣ ነፋስ ይበጥሰዋል፣ ሌላው ቢቀር ባላገሩ ለአምባር እያለ ይቆርጠዋል። ስለዚህ በየአገሩ የሽቦ ዘበኛ መቅጠር ተጀመረ። ዘበኛው ሥራው በየቀኑ ሽቦውን ተከትሎ መሄድ፣ የተበጠሰ ሲያገኝ ግንዱ ላይ ወጥቶ መቀጠል ነው። በሸንበቆ በር የሚቀጠረው ሰው ደግሞ፣ ከመንገዱ አፋፍ ላይ የተሠራው የድንጋይ ቤት ከነጓሮው ይሰጠዋል ተባለ።

አትጠገብን እንቅልፍ የነሳት ይህ ቤት ነው። እሷና ባሏ አሥራ አራት ዓመት ሙሉ የኖሩት በወንድሟ ግቢ፣ ከጥጃ ማደሪያው ጋር በተያያዘች ጎጆ ውስጥ ነበር። የወንድሟ ሚስት ክፉ ሴት አይደለችም፤ እንዲያውም ደግ ናት። ችግሩ ደግ መሆኗን በቀን ሦስት ጊዜ ማስታወሷ ነው። እሳት ቢጭሩ ከሷ፣ እንስራ ቢዋሱ ከሷ፣ እንግዳ ቢመጣ እሷን አስፈቅደው። አትጠገብ የድንጋዩን ቤት ወሬ ከሰማች ወዲህ እንጨት ለቀማ እያለች ሦስት ጊዜ ወጥታ አይታዋለች። ጌሾውን የምትተክልበትን ጥግ መርጣለች። በሩን በጇ ዳስሳ፣ «ይኸን በር ዘግቼ ማንም ሳይጠራኝ አንድ ቀን ብውል» ብላለች።

ቸኮል ለሥራው የተፈጠረ ሰው ነበር። ማር ቆራጭ ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ ዛፍ ላይ ቀፎ ሲሰቅልና ሲያወርድ የኖረ፣ እግሩ ቅርፊት የለመደ። አንድ ነገር ብቻ ጎደለ። ከላይ የመጣው ወረቀት «ዕድሜው ከአርባ ዓመት ያላለፈ» ይላል። የቸኮልን ዕድሜ የጻፈው ባይኖርም፣ ያ ከብት ሁሉ ያለቀበት፣ ሰውም እንደ ቅጠል የረገፈበት ክፉ ቀን ሲመጣ ልጅ ሆኖ ደርሶበታል። ክፉ ቀን ካለፈ ደግሞ አርባ ዓመት ሞልቶታል።

«ከአርባ በላይ የሆነ ሰው ግንድ አይወጣም ያለው ማነው?» ብላ አትጠገብ ተንጨረጨረች። ለቸኮል ዋስ ሊሆኑ ወደ ተስማሙት ሽማግሌ ወደ አያ ይርሳው ሄዳ ጉዳዩን ነገረቻቸው።

አያ ይርሳው ጢማቸውን ዳበሱ። «ሠላሳ ስምንት ነኝ ይበል» አሉ። «የተጻፈ ነገር የለ። ለሱ የምመሰክረው እኔ ነኝ፤ እኔ ደግሞ መቁጠር አልችልም።»

ዘበኛውን የሚቀጥረው የስልክ ሹም የሚመጣው ቅዳሜ ነው። ዓርብ ረፋድ ላይ አትጠገብ ባሏን ከጎጆዋ ደጃፍ ፀሐይ ላይ አስቀመጠችና ከላይ እስከ ታች ትመረምረው ጀመር። እጀ ጠባቡ ታጥቧል። ጋቢው ደህና ነው። ቸኮል ንብ እንዳይነድፈው ብሎ ዓመት ከዓመት ራሱ ላይ የሚጠመጥማትን ሻሽ ስትፈታ ግን እጇ ቆመ።

«አንተ፣ ራስህ እኮ ተመልጧል።»

«የማን ራስ?»

«የጎረቤት! ያንተ ነው እንጂ።»

ቸኮል ሳቀና እጁን ወደ ግንባሩ ላከ። ምንም የለም። ወደ መሐል አናቱ አሻገረ። እዚያም የለም። እጁ እየሄደ፣ እየሄደ፣ ከጆሮው ኋላ ሲደርስ ጥቂት አገኘና፣ «ይኸውና!» አለ።

«እሱ የማጅራት ፀጉር ነው!»

«ነበረ እኮ አትጠገብ! መቼ ሄደ?»

«እኔ ልንገርህ? ራስህ ላይ የበቀለ ፀጉር ሲሄድ አንተ ሳታውቅ እኔ ልወቅ?»

አላመናትም። ገበቴ ላይ ውሃ አስቀዳና አጎንብሶ አየ። ራሱን ወዲያና ወዲህ አዘነበለ። «አባቴን መሰልኩ» አለ በመጨረሻ።

አትጠገብ ለማዘን ጊዜ አልነበራትም። ሹም ፊት ተሸፋፍኖ አይቀረብም፤ ራስ ይገለጣል። ከተገለጠ ደግሞ ያን መላጣ ያየ ሹም ሠላሳ ስምንትን አያምንም። አሰበች አሰበችና ምላጭ አመጣች። ሁሉም ከተላጨ መላጣውና ፀጉሩ አይለይም ብላ ነው። ስትላጨው ግን ጉድ ፈላ። የተላጨው ዳር ዳሩ ጠቆር ብሎ ቀረ፤ መሐሉ ያበራል። ተናደደችና ከዳር እስከ ዳር ለጋ ቅቤ ቀባችው። አሁን ሁሉም እኩል አበራ።

«ግን የተላጨ ሰው ሐዘንተኛ ነው» አለ ቸኮል። እውነቱን ነው፤ በዚያ አገር ደንብ ወንድ ራሱን የሚላጨው ሰው ሲሞትበት ነው። «ማን ሞተብህ ቢሉኝስ?»

«አክስቴ ብርጣይ በል። እሷ እንደሆነች ነፍሷን ይማርና ከሞተች ስድስት ዓመቷ ነው፤ ሟርት አይሆንብንም።» ከዚያም ጣቷን አፍንጫው ላይ ቀሰረች። «ደግሞ ስማ፣ ሲጠይቁህ ብቻ መልስ። አንድ ጥያቄ፣ አንድ መልስ። ከዚያ ጥርቅም!»

«አንድ ጥያቄ፣ አንድ መልስ» አለ ቸኮል በጣም አምኖበት። «እንዲህ ስትይ ምን ትዝ አለኝ መሰለሽ፣ አንድ ጊዜ የቆላ ሰው ማር ሊገዛ መጥቶ...»

አትጠገብ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። የሰውዬው ጠባይ እንዲህ ነው። ቸኮልን ውሃ ቢለምኑት ምንጩ ከየት እንደሚነሳ፣ ማን እንደቆፈረው፣ ቆፋሪውም የማን አማች እንደሆነ ሳይናገር አይሰጥም። ክፋት የለበትም። ዝም ማለት ግን አልፈጠረበትም።

ቅዳሜ ጠዋት የሸንበቆ በር ሰው ግማሹ ለጉዳይ፣ ግማሹ ለወሬ፣ ከመንገዱ ዳር ካለው ግራር ሥር ተሰበሰበ። የስልኩ ሹም ባላምባራስ ሰይፈ ተጣጣፊ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ጸሐፊያቸው ከጎናቸው መዝገቡን ጉልበቱ ላይ ዘርግቷል። ለመቀጠር የመጡት ሰባት ናቸው፤ ከቸኮል በቀር ሁሉም ጎረምሶች። አትጠገብ ከሴቶቹ ጋር ከአጥሩ ወዲያ ሆና፣ ባሏን ፊት ለፊት የምታይበት ቦታ ያዘች።

ተራው ደረሰና ቸኮል ጋቢውን አደግድጎ ቀረበ።

«ስምህ?»

«ቸኮል።»

«ዕድሜህ?»

«ሠላሳ ስምንት፣ ጌታዬ።»

አለና አፉን ገጠመ! አትጠገብ ትንፋሿን ለቀቀች። ባላምባራስ ቀና ብለው አዩት፤ የሚያበራውን ራሱን፣ ከዚያ እግሩን አዩ። እግሩን ሲያዩ ጊዜ ዕድሜውን ተዉት።

ቀጥሎ ፈተናው መጣ፤ ግንድ ላይ መውጣት። የመጀመሪያው ጎረምሳ ግንዱን እንደ እናቱ አቅፎ እዚያው ቀረ። ሁለተኛው ሁለት ጊዜ ወጥቶ ሁለት ጊዜ ተንሸራተተ። አንዱ እኩሌታ ላይ ደርሶ ወደ ታች አየና አውርዱኝ ብሎ ጮኸ። ቸኮል ቀፎ የሚሰቅልበትን ጠፍር ከወገቡ ፈታ፣ በግንዱ ዙሪያ አዞረው፣ ተረከዙን ተከለና ሽቅብ ሄደ። ሰው አጨበጨበ። ከላይ ሆኖ ሽቦው የሚታሰርበትን የሸክላ ሲኒ በጣቱ ቆረቆረና ወደ ታች ተጣራ፤ «ጌታዬ፣ ይኸ ሲኒ ተሰንጥቋል! ንፋስ ሲመጣ ሽቦውን ይለቀዋል!»

ባላምባራስ ከወንበራቸው ተነሱ። ያን መስመር ስንት ሰው ሲመላለስበት ስንጥቁን ያየ አልነበረም። ቸኮል ሲወርድ ቅቤው ቀልጦ በፊቱ ይንቆረቆር ነበር፤ በጋቢው ጫፍ ጠረገው። አትጠገብ አሁን መላጣው ይለያል ብላ የነጠላዋን ጫፍ ነከሰች። ባላምባራስ ግን የሚያዩት ሌላ ነው።

«ሰውዬው ይኸው ነው» አሉ። «ተቀብዬሃለሁ። ዋስህ ማነው?»

አያ ይርሳው ከዘራቸውን ተደግፈው ወጡና ጣታቸውን ቀለም ነክረው መዝገቡ ላይ አተሙ። ጸሐፊው ስሙን ጻፈ። በቃ። አለቀ። አትጠገብ ከአጥሩ ወዲያ ሆና በሐሳቧ ጌሾውን ተከለች፣ ውሃ አጠጣች፣ በሩንም ዘጋች። እዚህ ላይ ቸኮል እጅ ነስቶ ቢሄድ ኖሮ ዛሬ ተረቱም ባልኖረ።

ባላምባራስ ደግ ሰው ስለሆኑ ሳያጽናኑት መሄድ ነውር መሰላቸው። «ለመሆኑ ራስህን ተላጭተሃል። ማን ሞቶብህ ነው?»

«አክስቴ ብርጣይ፣ ጌታዬ።»

አንድ ጥያቄ፣ አንድ መልስ። አትጠገብ በልቧ እልል አለች።

«እግዜር ያጽናህ። መቼም ሸምግለው ነው የሞቱት?»

አዎን። ይኸው ነው መልሱ። «አዎን ጌታዬ» ብሎ እጅ መንሳት። አትጠገብ ከአጥሩ ወዲያ ሆና በከንፈሯ «አዎን፣ አዎን» እያለች ራሷን ትነቀንቅለታለች።

«ኧረ ምን ሽምግልና ጌታዬ!» አለ ቸኮል። «ብርጣይ እኮ የኔ ታናሽ ናት!»

«አክስትህ?»

«አያቴ በስተርጅና የወለደቻት ናት። በክፉ ቀን አያቴ ሞተችና፣ በዚህ በጀርባዬ አዝዬ ሦስት ቀን የተጓዝኩት እኔ ነኝ!»

የጸሐፊው ብዕር ቆመ። ባላምባራስ ቸኮልን አዩት፣ መዝገቡን አዩ፣ ደግሞ ግንዱን ቀና ብለው አዩ። ሰውዬውን ሊያጡት አልፈለጉም።

«ክፉ ቀን?» አሉ ቀስ ብለው። «መቼም ይኸን አባትህ ሲያወሩ ሰምተህ ይሆናል።»

እንዲህ ያለ ሹም የት ይገኛል? በሩን ከፍተው፣ መንገዱን ጠርገው፣ ውጣ አሉት እኮ! አያ ይርሳው በከዘራቸው ጫፍ የቸኮልን የእግር ጣት ወጋ አደረጉት። ቸኮል እግሩን ዘወር አደረገ።

«ምን ሰምቼ ጌታዬ! አባቴማ በዚያው ሞቱ። አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። ባይኔ ያየሁትን!»

አትጠገብ የአጥሩን እንጨት ጨበጠች። ከዚያ በኋላ ያለውን ማንም አልጠየቀውም፤ እሱ ግን ግንዱን እንደወጣው ሁሉ ወሬውንም ሽቅብ ወጣው። ብርጣይ የሦስት ዓመት ሕፃን ነበረች አለ። እናቷን እየጠራች ታለቅሳለች። የሚሰጣት የለው፣ የሚያወራላት ግን አለው። ያለፉበትን ወንዝ፣ የወፉን ስም፣ የሞተውን በሬያቸውን ጠባይ ይነግራታል። «ዝም ስል ታለቅሳለች» አለ። «ስናገር ትሰማለች። ሦስት ቀን ሙሉ አፌን አልዘጋሁም፣ ጌታዬ። ብዘጋ ኖሮ አትደርስም ነበር።»

አትጠገብ ማዘሉን ታውቅ ነበር፤ ሺ ጊዜ ነግሯታል። ይኸን የመጨረሻውን ግን ሰምታ አታውቅም። ከአጠገቧ ያሉ ሴቶች በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። እሷም እንባዋ መጣ፤ ከሐዘኑ ይሁን ከንዴቱ ለራሷም አልለየላትም።

ጸሐፊው ግን ይህን ሁሉ ጊዜ በጣቱ ሲቆጥር ቆይቶ፣ «ጌታዬ፣ እንግዲያው ሰውዬው ከሃምሳ አልፏል» አለ ጮክ ብሎ።

ባላምባራስ ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ሰማሁ» አሉ። «ይኸ ሁሉ ሰውም ሰማ። ወረቀቱ አርባ ይላል፤ ወረቀቱን የጻፍኩት እኔ አይደለሁም።» ወደ ቸኮል ዞሩ። «አንተ ሰው፣ መውጫ ከፍቼልህ ነበር እኮ።»

«የቱ ጋ ጌታዬ?» አለ ቸኮል፣ ዘወር ዘወር ብሎ እየፈለገ።

ስሙ ተሰረዘ። ሁለት ጊዜ ወጥቶ ሁለት ጊዜ የተንሸራተተው ጎረምሳ በቦታው ተጻፈ። እንደ ሰማነው የተሰነጠቀውን ሲኒ ለመቀየር ቸኮልን ለምኖ ነው ያስወጣው።

ሦስቱ ወደ ቤት ሲመለሱ አያ ይርሳው ከፊት፣ ቸኮል ከመሐል፣ አትጠገብ የስንቁን አገልግል ይዛ ከኋላ ነበሩ። መንገዱ በድንጋዩ ቤት በኩል ያልፋል። አትጠገብ ፊቷን አዞረች።

«ደህና ሰው ናቸው ባላምባራስ» አለ ቸኮል። «ዓይናቸው እንባ አቅሮ ነበር፤ አየሽ? ግን ስሜን ለምን ሰረዙት? ምን አልኩ?»

አትጠገብ አገልግሉን መሬት ላይ አስቀመጠች። «ምን አልክ? ምን አልክ?! ተቀብዬሃለሁ ብለውህ፣ ዋስህ ፈርሞ፣ ስምህ ተጽፎ፣ ክፉ ቀን ብለህ ዕድሜህን ዘርግፈህ፣ ሊያድኑህ ሲሉ ደግሞ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር ብለህ ቆጥረህ ሰጥተሃቸው፣ ምን አልኩ?»

ቸኮል ቆመ። አሰበ። እጁ ልክ እንደ ዓርቡ ወደ ግንባሩ ሄደ፣ ከዚያ ወደ አናቱ፣ አንድ ነገር ጠፍቶበት እንደሚፈልግ ሰው።

«ክፉ ቀን አልኩ እንዴ?»

«አልክ!»

«መቼ?»

አትጠገብ ልትጮህ አፏን ከፈተች። ሰውዬው ግን የምሩን ነው፤ ዓይኑን ብታየው እውነትም አያውቅም። ያ ሦስት ቀን ሕፃን አዝሎ የለፈለፈው ልጅ እስከ ዛሬ አፉን ዘግቶ እንደማያውቅ ያን ጊዜ ገባት። ንዴቷ አልለቀቃትም፤ ቤቱም እዚያው ፊቷ ተገትሯል፤ ግን የምትጮህበት ሰው አጣች። አገልግሉ አጠገብ ቁጭ አለችና፣ «አያ ይርሳው፣ እስቲ እርስዎ ይፍረዱኝ!» አለች። «ትናንት ፀጉሬ መቼ ሄደ ይለኛል፣ ዛሬ ደግሞ ቃሌ መቼ ወጣ ይለኛል፣ እንዲህ ያለ ሰው አይተው ያውቃሉ?»

አያ ይርሳው ባርኔጣቸውን አውልቀው ራሳቸውን ዳበሱ፤ እዚያም ላይ አንድ ፀጉር የለም። «ተይው ልጄ፣ እሱ ምን ያድርግ» አሉ፤ «አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም።»